ሜዳው ከሰፈሩ ሲርቅ፤ ስለ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቀረበ ሂስ

በዚህ ዐምድ ላይ የተውኔት፣ የቅኔና የልብ ወለድ ታሪክ ሂስ ማንበብ የለመዱ ወገኖች ዛሬ ስለ እግር ኳስ የሚናገር ጽሑፍ ሲያገኙ፣ «ኳስና ሥነ ጽሑፍ ምን አገናኛቸው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተውኔት ማለት ሕዝብ ባንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ በፊቱ የሚሠራውን ሥራ እያየ የሚስቅበት፣ የሚያዝንበት፣ በመጨረሻም የሚፈርድበት ትርኢት ከሆነ፣ የእግር ኳስ ውድድርም ከዚሁ ወገን ነው። መድረክ አለው፤ ተዋናይ አለው፤ ተመልካች አለው። የሚለየው መጨረሻውን አስቀድሞ የጻፈ ደራሲ የሌለው በመሆኑ ነው። እንግዲህ ቴአትር ቤቶቻችን ለማን፣ የትና እንዴት እንደሚሠሩ መመርመር የሐያሲ ተግባር ከሆነ፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚከታተለው ሊግም ከዚህ ምርመራ ሊያመልጥ አይገባውም። የአጥቂውን ምትና የዳኛውን ፊሽካ የስፖርት ጋዜጠኞች በየሳምንቱ ስለሚመረምሩት እኔ አልገባበትም። እኔ የምመለከተው ሊጉ የማን እንደ ሆነ፣ የት እንደሚጫወትና ለማን እንደሚጫወት ነው።

አንባቢን ላለማጉላላት የነገሬን ፍሬ ከመነሻው ልናገር። የእግር ኳስ ቡድን የሚወለደው ከሰፈር ነው፤ የሚያድገውም በሰፈሩ ሰው ፊት ሲጫወት ነው። ያገራችን ከፍተኛ ሊግ በ2013 ዓ.ም. በቴሌቪዥን መታየትን ሲያተርፍ የቡድኖቹን መኖሪያ አጣ። ትርፉ በገንዘብ ተቆጥሮ በመዝገብ ሲሰፍር፣ ኪሳራውን ለመቁጠር የተነሣ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። ይህን ኪሳራ ለመገመት ነገሩ ከተጀመረበት ስፍራ፣ ካራዳ፣ መነሣት ያስፈልጋል።

አራዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት ያዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበረ። ነጋዴውና ባለ እጁ፣ ጸሐፊውና ተሟጋቹ፣ ካገር ቤት የመጣውና ከባሕር ማዶ የመጣው ሁሉ የሚገናኙት እዚያ ስለ ነበረ፣ «ያራዳ ልጅ» የሚለው አነጋገር ዓይኑ የተገለጠ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው፣ ከልዩ ልዩ ሰው ጋር መኖር የሚችል ማለት ሆኖ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ ስፍራ ባንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ነገሮች ተወለዱ። በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ መጪውን የጠላት ወረራ በመመልከት ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ይቀሰቅስ የነበረው ይህ ማኅበር፣ ኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆኖ በዚያው በፒያሳ ሥራውን ቀጠለ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ፣ ጠላት ድንበር ጥሶ በገባበት ዓመት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የቅዱስ ጊዮርጊስን የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። የቡድኑ ስም የሰፈሩ ደብር ስም ነው፤ ደብሩም ከዐድዋ ድል ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣ መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ቴአትሩና ቡድኑ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት በጭንቅ ዘመን ነው፤ ሁለቱም ሕዝብን ባንድ ስፍራ ሰብስበው «እኛ» የሚያሰኙ ነበሩ። ወራሪው ይህን አልሳተውም። በወረራው ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተደረገ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶች ቃል ነው፤ ውቤ ሰፈር ግን ያራዳ ነው። የሰማዕቱን ስም የፋቀው እጅ የሰፈሩን ስም ሳይፍቅ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። ቡድን ያለ ሰፈር ስም ሊጠራ እንደማይችል ባለማወቁ የመሰከረ ይመስለኛል።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ያገር ሻምፒዮና ሲደረግ የተካፈሉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። እነሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ሲሆኑ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የእነዚህን ቡድኖች ስም በዝርዝር ያነበበ ሰው የዚያን ጊዜውን የፒያሳ ጎዳና በዓይነ ኅሊናው ያያል። አርመኑ ወርቅ ሠሪ፣ ግሪኩ ባለ ሱቅ፣ ከወረራው የተረፈው ጣሊያናዊ መካኒክና ያራዳው ልጅ በሥራ ቀን በገበያ ይገናኛሉ፤ በዕረፍት ቀን በሜዳ ይገናኛሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት ገዢና ተገዢ የነበሩ ሰዎች ባንድ ዳኛ ፊሽካ ሲታዘዙ ማየት፣ ብዙ ንግግር ሊገልጸው የማይችለውን የነፃነት ትርጉም ለተመልካቹ ይገልጽለት ነበር። ሊጉ ገና ከጅምሩ የከተማው ኑሮ መልክ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ ሰፈር የወጣው ኳስ እስከ ምን እንደ ደረሰ ማስታወስም ይገባል። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል። ኋላም አሠልጣኝ ሆነው የመሩት ብሔራዊ ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ የዚያን ጊዜ ዩናይትድ ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዷል። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነች በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አግብተው ነገሩን ጨረሱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ካንድ ሰፈር ሜዳ የተነሣ ሰው አህጉርን እስከ መምራት የደረሰው፣ ችሎታውን አስቀድሞ የመሰከረለት የሰፈር ተመልካች ስለ ነበረው ነው።

አሁን ወደዚህ ተመልካች ልመለስ፤ የሂሴ ዋና ጉዳይ እሱ ነውና። የቴአትር ተመልካች ከመጋረጃው መዘጋት በኋላ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኳስ ተመልካች ግን የትርኢቱ ግማሽ ደራሲ ነው። ያዲስ አበባን ስታዲዮም ሕዝቡ ከጣሊያንኛ በተወሰደ ቃል «ካምቦሎጆ» ብሎ ሰየመው። የመቀመጫውንም ክፍል ሁሉ እንደ አገር ግዛት ከፋፍሎ ስም አወጣለት። ለባለ ገንዘቡ መቀመጫ «ጥላ ፎቅ»፣ ለሌሎቹም «ሚስማር ተራ»፣ «ከማን አንሼ»፣ «ካታንጋ» አለ። ካታንጋ ኮንጎ ውስጥ የነበረ ክፍለ ሀገር ነው፤ ወታደሮቻችን ለተባበሩት መንግሥታት ወደ ኮንጎ በዘመቱበት ዘመን ጦርነቱ በየሬዲዮው ይወራ የነበረ ስም ነው። «ከማን አንሼ» ደግሞ ምን ያህል ኩራትና ምን ያህል ፈገግታ ባንድ ላይ እንደ ያዘ ለማስረዳት የቋንቋ መምህር አያስፈልግም። እነዚህን ስሞች ያወጣ ኮሚቴ የለም፤ ያጸደቀ መሥሪያ ቤትም የለም። ሕዝቡ በየሳምንቱ ባንድ ስፍራ ተገናኝቶ ሲጫወት፣ ሲተራረብና ሲከራከር የፈጠራቸው ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ተጫዋቾች «ፈረሰኞቹ»፣ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ቡናን ልጆች «ቡናማዎቹ» ያሰኘው፣ የሁለቱንም ፍልሚያ «የሸገር ደርቢ» ያሰኘው ይኸው መሰብሰብ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ የፒያሳ ወጣት ወደ ጨዋታ ሲሄድ መንገዱ ራሱ የትርኢቱ መቅድም ነበረ። ከጊዮርጊስ አደባባይ ተነሥቶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ይይዛል፤ በየመታጠፊያው ጓደኛ ይጨምራል፤ ለገሃር ሲደርስ ብዙ ሆኖ እየዘመረ ወደ ስታዲዮሙ ይጎርፋል። ሲመለስም ዳገቱን እየወጣ የተደረገውን ሁሉ እንደገና ይተርከዋል። ካየው ይልቅ የተረከው ይበልጥ ያምር ነበር። ልጅ ካባቱ፣ ታናሽ ከታላቁ የቡድኑን ታሪክ የሚማረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ይህንን የቃል ሥነ ጽሑፍ ብለው ቢጠሩት ስሕተት አይሆንም።

ወደ አሁኑ ሊግ እንምጣ። ፕሪሚየር ሊግ በሚለው ስም የሚታወቀው ውድድር የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው አሸናፊ መብራት ኃይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ በ1996ና በ1999፣ ኢትዮጵያ ቡና በ2003፣ ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲወስዱ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዷል። በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ ባለ አክሲዮን የሆኑበት ማኅበር ሊጉን የማስተዳደር ሥልጣን ተረከበ። የዚያ ዓመት ውድድር በወረርሽኙ ምክንያት ያለ አሸናፊ ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የቴሌቪዥን ድርጅት ጋር የአምስት ዓመት ውል ተደርጎ ጨዋታዎቹ በሳተላይት መታየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ቡድኖቹ ሁሉ ባንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላው ከተማ የሚዛወሩበት አሠራር ተዘረጋ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ያዲስ አበባ ስታዲዮም ለእድሳት ከተዘጋ በኋላ ግን በተከታዮቹ ዓመታት ሊጉ ያረፈው ይበልጡን በሐዋሳ፣ በአዳማና በድሬዳዋ ነው።

ሐያሲ ሚዛኑን ማስተካከል ይገባዋልና ለዚህ አሠራር የሚቀርበውን ምክንያት አልደብቅም። በወረርሽኙ ጊዜ ቡድኖችን ባንድ ስፍራ መሰብሰብ ማስተዋል ነበር። የቴሌቪዥን መሣሪያዎችን ባንድ ከተማ ማቆም ወጪ ይቆጥባል። ለጨዋታ የሚበቃ ሜዳ ያለው ከተማም ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ፣ በ2010ና በ2011 የውድድር ዓመታት ጨዋታዎች በተመልካች ረብሻ የተቋረጡበት፣ ቡድኖችም ከሜዳቸው ውጭ እንዲጫወቱ የተገደዱበት ጊዜ ነበር። በሜዳ የተጀመረው ስድብ ወደ ድንጋይ፣ ድንጋዩም ወደ ወገን ጠብ ሲሻገር አይተናል። ይህን የሠራው ያው ተመልካች ነው፤ «ካታንጋ» ብሎ የሰየመ አንደበት የሰውን ትውልድ ለመስደብም ተከፍቷል። ስለዚህ የቀድሞውን ሁሉ አመስግኖ ያሁኑን ሁሉ መንቀፍ የፍርድ ጉድለት ይሆናል። በቴሌቪዥን መታየቱም ቢሆን በሩቅ ላለው ተጫዋች ችሎታውን የሚያሳይበት መስኮት ከፍቶለታል።

ይሁን እንጂ ለችግር ጊዜ የተበጀ መጠለያ ቋሚ ቤት ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም አሠራሩ ቀጥሏል። ተመልካች ሲያጠፋ መፍትሔው ተመልካቹን ማስተማርና አጥፊውን ለይቶ መቅጣት እንጂ ትርኢቱን ከተመልካቹ ማሸሽ አይመስለኝም። ያዲስ አበባ ቡድን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐዋሳ ላይ ሲጫወት በሰሌዳው ላይ «ባለ ሜዳ» ተብሎ ይጻፍለታል። ይህ ቃል እንዲህ በሆነ ጊዜ ትርጉሙን አጥቷል። የተጋጣሚውም ቡድን ሜዳ ሌላ ቦታ ነው፤ ሁለቱም እንግዳ ናቸው፤ አስተናጋጁም ከተማ የራሱ ቡድን ካልተጫወተ በቀር የሚያለቅስበትም ሆነ የሚስቅበት ምክንያት የለውም። እንዲህ ያለው ጨዋታ ባዶ ወንበር ፊት እንደሚሠራ ተውኔት ነው። ተዋናዩ ቃሉን አልሳተም፤ መብራቱም በርቷል፤ ግን የሚመልስለት የለም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ፒያሳ ካለ አንድ ቡና ቤት ገብቼ ነበር። በትልቁ ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ ይታያል፤ ወጣቱም በቆመና በተቀመጠ ቤቱን ሞልቶታል። በጥግ በኩል ባለው ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጨዋታ ነበር፤ የሚያዩት አራት ሽማግሌዎች ናቸው። ደብተር የያዘ አንድ ተማሪ ቀረብ ብሎ፣ «አባባ፣ ይህ ጨዋታ የት ነው የሚደረገው?» አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ከምስሉ ሳያነሡ፣ «እኔም አላወቅሁት ልጄ፤ ሰማይ ላይ ይመስለኛል» ብለው መለሱለት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን የአባቶችን ተረት አስታወስሁ። ሊጋችን በእርግጥ በሰማይ አለ፤ ሳተላይቱ ይዞታል። ወተቱን የሚቀምሰው ግን ማን ነው?

ያ ወጣት የእንግሊዝን ቡድን ስለ ወደደ አልወቅሰውም። ይልቅስ የሚወደው ቡድን ከየት እንደ መጣ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ማንቸስተር ዩናይትድን በ1878 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የኒውተን ሂዝ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ኤቨርተን በዚያው ዓመት የተጀመረው ባንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሲሆን ስሙም መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ነበር። እንግዲህ በሰማይ አቋርጦ መጥቶ ልጆቻችንን የማረከው ነገር በአመጣጡ ካራዳው ቡድን አይለይም፤ እሱም የሠራተኛና የደብር ልጅ ነው። እንግሊዞቹ ጨዋታቸውን ለዓለም ከመሸጣቸው በፊት ለሰፈራቸው አጫውተውታል፤ ዛሬም ዓለም የሚገዛቸው የሞላውን ስታዲዮምና የሚዘምረውን ሕዝብ ጭምር ነው። ሕዝቡን ትቶ ኳሱን ብቻ መሸጥ ፍሬውን ትቶ ገለባውን ወደ ገበያ እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

የባለቤትነቱ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መድን ነው። ሁለቱም በሚገባ ተጫውተው አሸንፈዋልና ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን ያንድ ባንክ ወይም የመድን ድርጅት ቡድን ሲያሸንፍ በየትኛው ሰፈር እልልታ ይሰማል? ከሊጉ ቡድኖች የሚበዙት የሚኖሩት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከልማት ድርጅት ወይም ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። በጀቱ የሕዝብ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ በቡድኑ ጉዳይ ድምፅ የለውም። የተጫዋቹ ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ በምን እንደ ተሾመ የሚጠይቅበት ጉባኤ አይጠራም። የእስፓኙ ባርሴሎና በአባላቱ የተያዘ ሆኖ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው፤ ይህ ሊሠራ የማይችል ነገር አይደለም። ስም እንኳ ቢሆን የማሰባሰብ ኃይል እንዳለው የጦር ሠራዊቱ ቡድን አሳይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. «መከላከያ» የሚለውን የመሥሪያ ቤት ስም ትቶ «መቻል» ወደሚለው የቀድሞ ስሙ ሲመለስ ብዙ ሰው ደስ ብሎታል። ሊጉ ራሱ ግን ለጥቂት ዓመታት ያንድ የውርርድ ድርጅት ስም በግንባሩ ለጥፎ ሲሄድ ነበር። የተማሪ ቤት ልጆች የሚከታተሉት ውድድር ከቁማር ጋር ባንድ እስትንፋስ መጠራቱን አንድም መምህር በጸጋ ሊቀበለው አይችልም።

ሊጉ የሚሸከመው የስፖርት ነገር ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው መቐለ 70 እንደርታ፣ ከወልዋሎ አዲግራትና ከስሑል ሽረ ጋር፣ በጦርነቱ ምክንያት በ2013 ዓ.ም. ከውድድሩ ወጥቶ የተመለሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት የደረጃውን ሠንጠረዥ ያነበበ ሰው የጎደለውን ስም ሲያይ ያገሩን ቁስል ያይ ነበር። ሠንጠረዡ ያገር ስም መጥሪያ መዝገብ ነው። ሲመለሱም የራሳቸው ሕዝብ በራሱ ሜዳ ሊቀበላቸው በተገባ ነበር።

ካገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ሊያስተምሩን ይችላሉ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁመው በየዓመቱ ባንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ። ሜዳው የተከራዩት ነው፤ ከተማውም በየጊዜው ይለዋወጣል። ይሁን እንጂ ቡድኑ ሲሄድ ሕዝቡም አብሮ ይሄዳል፤ ከኳሱ ዳር እንጀራው፣ ዘፈኑ፣ የተጠፋፋ ዘመድ መገናኘቱ አለ። የስደተኛው ውድድር ሕዝቡን ተከትሎ ሲዞር፣ ያገር ቤቱ ውድድር ሕዝቡን ትቶ መዞሩ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ለአራዳ ደግሞ ይህ ነገር ከወትሮው ይልቅ በሚከብድበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ መንደሮች በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። በዚያው ዓመት በየካቲት የዐድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው በፒያሳ ተከፍቷል። ከተማ መታደስ እንዳለበትና እንዴት መታደስ እንዳለበት የሚደረገው ክርክር ሰፊ ነው፤ ለብቻው መጻፍ ያለበት ስለ ሆነ እዚህ አልዘረጋውም። ለዚህ ሂስ የሚበቃው አንድ ነገር ነው። ባንድ ግቢ ውኃ የቀዱ፣ ባንድ ዕድር የተቀባበሩ ሰዎች ከተማው ዳር ላይ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ሲሰፍሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን «የት እንገናኝ?» ቢሉ መልስ የሚሆናቸው ምን አለ? ደብሩ አለ፤ ይመስገን። ሁለተኛው ሊሆን የሚችለው በደብሩ ስም የሚጠራው ቡድን ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ሰው በስታዲዮሙ ሚስማር ተራ ላይ የቀድሞ ጎረቤቱን አጠገቡ ቢያገኝ ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም ማለት ነው። ሜዳው በራቀ ጊዜ ግን ይህም በር ተዘግቷል።

ሂስ ነቅፎ ብቻ የሚተው ከሆነ ጎዶሎ ነውና የሚሻለውን በአጭሩ ላመልክት። አንደኛ፣ ብቁ ሜዳ ያላቸው ቡድኖች አስቀድመው፣ ሌሎቹም ሜዳቸውን ሲያሰናዱ በየተራ ወደየከተማቸው ቢመለሱና በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚደረገው ጨዋታ እንደገና ሥርዓት ቢይዝ። ሁለተኛ፣ ከቴሌቪዥን የሚገኘው ገንዘብ በከፊል ለተመልካቹ ምቾት፣ ለወንበሩ፣ ለመግቢያ በሩና ለመጸዳጃው ቢውል፤ ሰው እንደ ሰው የተቀበሉት እንደ ሆነ ጠባዩም እንደ ሰው ይሆናል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን አባላቱን መዝግቦ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡን በፊታቸው ቢያቀርብ። አራተኛው ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚቀር ሥራ ነው። የየስታዲዮሙን የክፍል ስሞች፣ የየቡድኑን ቅጽል፣ የየዘመኑን ዜማ ከሽማግሌዎች አንደበት እየቀዱ ቢጽፉ፣ ሳይጻፍ ሊጠፋ የተቃረበ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ያድናሉ። «ካምቦሎጆ» የሚለውን ቃል የሰሙ የመጨረሻዎቹ ልጆች አሁን በትምህርት ቤት ያሉት እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

በመጨረሻም ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላብቃ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን ያሸነፍነው አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስም ካምቦሎጆ ሞልቶ ነበር፤ የዚያ ማታ የፒያሳ ጎዳና መተላለፊያ አልነበረውም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። ሜዳዎቻችን ብቁ አይደሉም ተብለው ስለ ተከለከሉ ግን፣ ባለ ሜዳ ተብለን የተጫወትነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ግብ ሲያገቡ የጮኸላቸው የገዛ ሰፈራቸው አልነበረም። ድሉ ድል ነው፤ ማንም አይቀንስበትም። ነገር ግን ባለ ሠርጉ ቤት የሌለው ሠርግ ምን ያህል እንደሚያምር እያንዳንዱ አንባቢ ይፍረድ። ለሊጋችን ቤት መሥራት ዋንጫ ከማምጣት ይቀድማል፤ ቤቱ ከተሠራ ዋንጫው መቀመጫ አያጣም።